በክራር መልሺ

ቢቸና ውስጥ የሙዚቃ ክበብ ስመራ ያስቸገረኝ የመሣሪያ እጥረት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። አንዱ ተማሪ ተጫውቶ ሲጨርስ ሌሎቹን «እስቲ ምን ሰማችሁ?» እላቸዋለሁ። ሁሉም መሬት መሬት እያዩ «ቆንጆ ነው» ይላሉ። ቅኝቱ የተበላሸውም ቆንጆ፣ መሃል ላይ ዜማው የጠፋበትም ቆንጆ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። «ሠርግ የተጠራችሁ መሰላችሁ እንዴ!» ብዬ ስጮህባቸው ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁ ያችኑ ቆንጆ ነው ይደግሟታል።

የዚህን ውጤት ሞጣ ላይ አይተነዋል። ባለፈው ዓመት ከየከተማው የመጡ የትምህርት ቤት ክበባት ሲወዳደሩ የእኛዎቹ ለየብቻ ጎበዞች ነበሩ፤ አብረው ሲጫወቱ ግን ሌላ ነገር ሆኑ። ዳኛው «እርስ በርስ አትደማመጡም» ብሎ ሸኘን። ክራር የምትጫወተው ልጅ፣ ከሁሉም የበለጠ ጎበዝ የሆነችው፣ እስከ ቢቸና ድረስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከዚህ በኋላ ከእኛ ጋር ሞጣ የምትሄድበት ዓመት የለም።

መላውን ያመጣው ከበሮ መቺያችን ነው። ይህ ልጅ ወደ እኛ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ነበር። አንድ ቀን ያ ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው ሰለቸውና ከመቀመጫው ተነሣ።

«ቲቸር፣ እኛ ቅኔ ቤት እንዲህ ብንል ኖሮ የኔታ ያባርሩን ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምን ነበር የምትሉት?»

«ልጁ ቅኔውን ያሰማል። እኛ የጎደለውን ቦታውን ጠርተን እንነግረዋለን፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። አይቀየምም፤ ነገ ተራው የእኛ ነዋ!»

ወደድኩት። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩበት፦ አስተያየት የተሰጠው ሰው በአፉ አይመልስም፣ ምክንያት አይደረድርም። የሚመልሰው በመሣሪያው ነው።

የመጀመሪያው ተራ የክራር ተጫዋቿ ሆነ። ስትጨርስ ሁሉም እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት አዩ። ከበሮ መቺው ጉሮሮውን ጠረገና «እኅቴ፣ የምትወጃት ቦታ ስትደርሺ ትሮጫለሽ። ዜማው ከፍ የሚልባት ቦታ ላይ። ሁላችንንም ጥለሽን ትሄጃለሽ፤ እኔ በከበሮ አሳድድሻለሁ» አላት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ነኝ የምሮጠው? አንተ አይደለህ እንዴ የምትዘገየው?» ብላ ስትጀምር እጄን አነሣሁ።

«በክራር መልሺ!»

ክራሩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በሚቀጥለው ልምምድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ በነበረውም ቀረች። ውድድሩ ደግሞ ደርሷል። ልጆቹ «ሄደን እንለምናት» ቢሉኝ አልፈቀድኩም። ያለ እሷ ግን ሞጣ ሄደን ምን ልንጫወት ነው? ከበሮ መቺው ጠጋ ብሎ «ይቅርታ ልጠይቃት እንዴ፣ ቲቸር?» አለኝ።

«ዋሽተሃል?»

«ኧረ አልዋሸሁም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል» አልኩት።

እያወራን በሩ ተከፈተና እሷ ገባች። ማንንም ሰላም ሳትል ክራሩን አነሣች፣ ቃኘችው፣ ያንኑ ዜማ ጀመረች። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁላችንም እጇን እጇን አየን። ጣቶቿ ሊሮጡ ሲሉ ያስታውቃሉ፤ ያዘቻቸው። ጨርሳ ከበሮ መቺውን ቀና ብላ አየችው።

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ ይቀርሻል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ደስታ መደበቅ አልችልበትም፤ ብቻዬን ማጨብጨብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ጭራሽ ወደ እኔም መጡ። ለዜማው ያዘጋጀሁትን መዝጊያ በክራር ሳሰማቸው «ቲቸር፣ መጨረሻው ረዝሟል። አለቀ ስንል እርስዎ ገና ይቀጥላሉ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ሁሉም ባንድ ድምፅ «በክራር ይመልሱ!» አሉ። ተቀመጥኩና አሳጥሬ ተጫወትኩት። ቢያናድደኝም ልክ ነበሩ።

ሞጣ ስንደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጆቹ ጨዋታውን ገና ከማጋመሳቸው መብራት ጠፋ፤ በመስኮቱ ብርሃን እንተያያለን፣ ማይኩ ግን ተዘጋ። አምና ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ለማሰማት ይሽቀዳደም ነበር። ዘንድሮ ግን ዝቅ አሉ። ዋሽንቱ ለክራሩ ቦታ ለቀቀ፤ ከበሮው በጣት ብቻ ሆነ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ልጅቷ ቀና ብላ ከበሮ መቺውን አየችው፤ እኩል ገቡ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች በደንብ ለመስማት ወደ ፊት ሲጠጉ አየሁ። ሲጨርሱ አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። አንደኛ ወጣን! ዋንጫውን እሷ ስትቀበል እኔ በሰው ፊት አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጭፈራ ነው። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ክራር ተጫዋቿ «ቆይ፣ ቆይ!» ብላ አስቆመቻቸው። ዋንጫው ጭኗ ላይ ነው።

«አንድ ቦታ አበላሽቻለሁ» አለች። «የሰማ አለ?»

አንድም ሰው መሬት አላየም። አንድም ሰው ቆንጆ ነው አላለም። ሁሉም ባንድ አፍ ያችኑ የሳተቻትን ቦታ አዜሙላት። እሷም ዋንጫውን ከጎኗ ለተቀመጠችው አስይዛ ክራሯን አነሣች።