ዘምዘም እሳት ያላነደደችበት ኢድ

ሰቆጣ ውስጥ ተዝካር ደግሶ የይታየሽን ደጅ ያልረገጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቄስ ገብረ ሊባኖስ ባለቤት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረዥም፣ እጇ ግን የተባረከ። በተለይ የጾም ወጥ ላይ የሚስተካከላት የለም። በጾም ሰዓት መቅመስ አይቻልምና ጨውን በማሽተት ነው የምትለካው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም። እሷን ግን አመሰግናለሁ።

ጓደኛዋ ዘምዘም አጥሯን ተጋርታ ነው የምትኖረው። ክርስቲያኑ የእስላሙን እርድ፣ እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም፤ ተወልደን ያገኘነው ሥርዓት ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። ስለዚህ ፋሲካ ሲሆን ይታየሽ ሥጋ ባልነካው ድስት ለዘምዘም ምስር ትሠራለች፤ ኢድ ሲሆን ዘምዘም በተራዋ ለይታየሽ ሽሮ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። «ሥጋ ለየን እንጂ ሽሮ መች ለየን» ትል ነበር ዘምዘም።

ዓምና ኢድ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ዘምዘም ያን ረመዳን የጾመችው በጭንቀት ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ አደም ደግሞ በጥር ወር፣ በየመን አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ፣ ከሰፈራችን ልጅ ከቢምረው ጋር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። ስልኳን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ትውላለች። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ በግ አላርድም ብላ ለሁላችንም ተናግራለች።

ለኢዱ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢምረው ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ደወለ። አደም በረሃ ላይ ታመመ፣ አብረውት የነበሩት ሁለት ቀን እየተፈራረቁ ተሸከሙት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቢምረው ራሱ ነው የቀበረው።

መርዶ እንዲሁ ተነስቶ የሚነገር ነገር አይደለም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥለታል፣ ማለዳ ላይ ይነገራል። ቄሱ፣ የዘምዘም አጎት ሐጂ ይመርና እኔ በቄሱ ቤት ተቀመጥን። ሐጂ ይመር ዛሬውኑ ይነገራት፣ የሞተን ሰው መደበቅ ምን ይጠቅማል አሉ። የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ጾሟን ትጨርስ፣ ኢዷን በሰላም ትዋል፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን አልኩ። አርባ ዓመት ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ስናገር ሰው ይሰማኛል። ተስማሙ። ይታየሽ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። ወጥታም፣ እንግዲያው የኢዱን ምግብ እኔ ነኝ የምሠራላት፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏት ትብላ አለችን። ያኔውኑ አጥሩን ዞራ ዘምዘምን፣ ጾሙ ጎድቶሻል፣ ዘንድሮ እሳት እንዳታነጂ ብላ አስማለቻት።

በዋዜማው ስትሠራ አየኋት። የሽንብራ ዱቄት በዘይት ለውሳ፣ በዓሣ ቅርጽ እየቆረጠች፣ በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱን እየሣለች ትጠብሳለች። ይህን የምትሠራው ለትልቅ ሰው ድግስ ብቻ ነው። አልጫ ክክ ሠራች፣ ጎመን ሠራች፣ ሱፍ አዘጋጀች። ምስሩ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ጨው ጨምራ ኖሮ ደፍታው እንደገና ጀመረች። እንዲህ ስትሳሳት አይቻት አላውቅም።

የሰቆጣ ምሥጢር ሦስት ቀን አያድርም። በኢዱ ዕለት ዘምዘም ሰግዳ ስትመለስ ቤቷ ሞልቶ ጠበቃት። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ በመሶብ እንጀራ፣ ሌላዋ ተልባ ይዛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሏል። እንኳን አደረሰሽ ያላት ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የሌላ አገር ሰው ቢያይ ፍቅር ይለዋል። ዘምዘም ግን የዚህ አገር ሰው ናት። በሩ ላይ ቆማ መሶቦቹን አየች፤ ቀጥላ የቀዘቀዘ ምድጃዋን አየች።

«ይታየሽ፣ እሳት የማይነድበት፣ ጎረቤት እንጀራ የሚያዋጣለት የለቅሶ ቤት ነው» አለች። «አደም ሞቷል?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሻሹ። ሐጂ ይመር እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ማርያምን፣ የሰማሁት ነገር የለም» አለች ይታየሽ። «ነይ፣ ብይ።»

የቄስ ሚስት ናት፤ ዘምዘም በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስትምል ሰምታት አታውቅም። አመነቻት። ፊቷ ሲፈታ አየን፤ ተቀመጠችና በላች። ይታየሽ አጎረሰቻት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመቻት። ዘምዘም የሽንብራውን ዓሣ አገላብጣ፣ ይሄስ ሊዋኝ ነው ብላ ሳቀች። ከጥር ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው። እኔም ሞኙ፣ ምክሬ ሠመረ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ነገርናት። መጮህ ደንብ ቢሆንም እሷ አልጮኸችም። ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ለማስመለስ ታገለች። ሌሊቱን ሆድ ውስጥ ያደረ ምግብ ግን አይወጣም። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሞክሩ ገፋቻቸውና ወደ ይታየሽ ዞረች።

«እነሱስ ዝም አሉ» አለቻት። «አንቺ ግን ማልሽልኝ። ልጄ ሳይለቀስለት እየሳቅሁ አበላሽኝ። ከእንግዲህ ከእጅሽ አልቀምስም።»

የኀዘን ቃል ነው፣ ይበርዳል ብለን ነበር። አልበረደም። በፋሲካ የተላከላት ምስር ክዳኑ ሳይከፈት ተመለሰ። በአረፋም እንዲሁ። በመንገድ ሲገናኙ ዘምዘም ወደ ማዶ ትሻገራለች። ይታየሽ ለነፍስ አባቷ ተናዝዛ ስግደት ተሰጣት፤ ጉልበቷ እስኪያብጥ ሰግዳ ጨረሰች። ልጠይቃት ስሄድ እንዲህ አለችኝ፦ «የማርያምን ዕዳ ሰግጄ ከፈልኩ። ለዘምዘም የሚሰገድ ስግደት ግን የት አለ?» ድግስ ቤት መሄድም ትታለች፤ ጨው ማሽተት አቃተኝ ትላለች።

ባለፈው ወር ላስታርቃቸው ዘምዘም ቤት ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ፣ ራሷ የሠራችውን ሽሮ አቀረበችልኝ።

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አለችኝ። «የዚያን ቀን እርስዎ እንኳ አልዋሹኝም።»

ምክሩ የኔ እንደነበረ ልነግራት ነበር የሄድኩት። ያቀረበችልኝን በልቼ፣ መርቄያት ወጣሁ።