የመይኒር መሳቢያ

መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው አውራ ጣቷ ላይ ነው። መይኒር ፕሪቻርድ የታሸገ ፖስታ ስትቀበል አውራ ጣቷን በተጣበቀው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ታስኬደዋለች፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር የምትዳብስ ይመስላል። ከዚያ «ደህና ነው» ትላለች፤ ለልጁ ይሁን ለፖስታው አይታወቅም።

የናንት ግሪግ መንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ መቶ ስልሳ ስምንት ተማሪ፣ አሥራ አራት መምህር፣ ከተራራው ሥር የተለጠፈ አንድ ሕንፃ፣ ጣሪያው ከዚያው ተራራ ተፈልጦ በወጣ ሰማያዊ ድንጋይ የተከደነ። እዚያ ተደብቆ የሚያስል ሰው የለም። ማን እንዳሳለ በድምፁ ይታወቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእናቱ ይደወላል። ርእሰ መምህሩ ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ይበላል። አንድ ቤት ሐዘን ሲገባ የወጥ ቤቱ ትልቁ ድስት ወደዚያ ቤት ይሄዳል፤ ማን እንደላከው ማንም አይጠይቅም። መይኒር የልጆቹን ስም ብቻ አይደለም የምታውቀው፤ ወላጆቻቸው በየትኛው ቀን ከትምህርት ይቀሩ እንደነበርም ታስታውሳለች። «አባትህንም ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመው ነበር» ስትል ልጁ እስከ ጆሮው ይቀላል።

በዚህ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ቀን በማርች መጀመሪያ የሚውለው የግጥምና የዜማ ውድድር ነው፤ አይስቴድቮድ ይሉታል። ለአንደኛው ገጣሚ የሚሰጠው ወንበር ነው፤ ተማሪዎች ክረምቱን ሙሉ በእንጨት ሥራ ክፍል ሲጠርቡትና ሲቀርጹት የከረሙት ወንበር። ወንበር የገባበት ቤት በመንደሩ የታወቀ ነው፤ አላፊ አግዳሚው በመስኮት አይቶት ሳያልፍ አይቀርም። ግጥሙ በብዕር ስም ይገባል። እውነተኛው ስም በፖስታ ታሽጎ፣ ከየክፍሉ ባንድነት ተሰብስቦ፣ በመይኒር መሳቢያ ይቆለፋል። እስከ ዕለቱ ድረስ ዳኛውም፣ ርእሰ መምህሩም፣ እሷም አያውቁም። ይህን የሚያህል ትልቅ ነገር በአንዲት ሴት አንገት ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ መጠበቁ ይገርማል።

የዚያ ዓመት ርእስ «ዝናብ» ነበር። ሃያ ሁለት ግጥም ገባ። መይኒር አንድ በአንድ አንብባ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ዳኛ ለሆኑት ለጡረተኛው ፓስተር ጎሮንዊ ላከችላቸው። በሳምንቱ ማክሰኞ ስልኳ ጮኸ።

«መይኒር፣ ይቺ ‹የኋላ በር› ብላ የፈረመችው፣ ወይም የፈረመው፣ ማን ይሆን?»

«እርስዎ ደግሞ፣ ፓስተር! እኔ በምን አውቄ?»

«ንገሪኝ ማለቴ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ዳኝቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አንብቤ አላውቅም። እነዚያ ሦስት ዶሮዎች፣ አሮጌ ጋሪ ሥር ተጠልለው፣ እንደ ጡረተኛ ዝም ብለው... ወንበሩ የዚህ ነው። ብቻ፣ የልጅ እጅ ነው? የትልቅ ሰው እጅ ያለበት መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

እሳቸውን እግዜር ይቅር ብሏቸው ይሆናል። ቃሉ ግን መይኒር ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

በማግስቱ ወደ ወጥ ቤት ጎራ አለች። ምግብ አብሳይዋ ናንሲ የቁርሱን የአጃ ገንፎ ድስት ትፍቃለች።

«ምነው? ፊትሽ የኮመጠጠ ወተት መሰለሳ!»

«አንድ ሰው ለተማሪ ግጥም ቢጽፍለት፣ በምን ይታወቃል?»

«ኧረ በስማም! ዴኒዮል ነው?»

ዴኒዮል የመይኒር የእህት ልጅ ነው። የዘንድሮው ወንበር የእሱ መሆኑን መንደሩ ወስኖ ጨርሷል፤ እናቱማ ለወንበሩ ቦታ ብላ ቁምሳጥኗን ገፍታ አስጠግታለች።

«የእሱ ስም ከአፌ ወጣ?»

«እሱስ ሲጽፍ ትራክተር ነው፤ ያጓራል እንጂ መሄዱን ይሄዳል።» ናንሲ በራሷ ቀልድ ሳቀችና የእንጨት ማንኪያዋን አነሳች። «እኔ ምን አገባኝ። ግን እህቴ፣ ጠርጥር ነው፤ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር። ያቺ ወጣቷ የዌልሽ ቋንቋ መምህርት፣ ሄሌድ፣ ራሷ ገጣሚ አይደለችም እንዴ?»

ጥርጣሬ እንዲህ ነው የሚገባው፤ በር አንኳኩቶ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሄሌድ በኮሪደሩ ስታልፍ ፈገግ ካለች፣ ምን አስፈገጋት? ካላለች፣ ምን ደብቃ ነው? ከተማሪ ጋር መስኮት ዳር ቆማ ከታየች፣ ስለ ምን ይነጋገራሉ? መይኒር ሁለት ቀን ሙሉ የቢሮዋን በር ገርበብ አድርጋ ሰው ስታይ ዋለች። ያን ሁሉ ዘመን የምታውቀው ትምህርት ቤት ድንገት ሰው ሁሉ የሚንሾካሾክበት ሆነባት።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ አውቶቡሶቹ ልጆቹን ጭነው ከወጡ በኋላ፣ ማንቆርቆሪያዋን ጣደች። ሻይ አላማራትም። «የኋላ በር» የሚል የተጻፈበትን ፖስታ አውጥታ እንፋሎቱ ላይ ያዘችው። እንዴት በቀላሉ ለቀቀ! ያ ሁሉ ፖስታ ያ ሁሉ ዘመን ታሽጎ የኖረው በሙጫ ሳይሆን በእሷ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ገብቷት ግን አልቆመችም።

ጆዲ ሃርግሪቭስ፣ አሥረኛ ክፍል።

መይኒር ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ጆዲ ከሦስት ዓመት በፊት ከእናቷ ጋር ከእንግሊዝ፣ ከስቶክፖርት የመጣች ልጅ ናት። ስትመጣ ከአገሩ ቋንቋ ከዌልሽ አንዲት ቃል አታውቅም ነበር። ዛሬም ስትናገር፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ እያንዳንዱን ቃል በእግሯ እየዳሰሰች ነው። ያ ግጥም የእሷ? ልቧ አልቀበል አለ። ሄሌድስ በምሳ ሰዓት የምታስጠናው ማንን ነበር? ጆዲን! በቃ፣ ተይዘዋል። ግን ለማን ትናገር? «አንቺ በምን አወቅሽ?» የሚሏት እንደሆነስ? ፖስታውን መልሳ አሸገችው። ጠርዙ እንደ ድሮው አልተኛም፤ ትንሽ ሞገደ።

ሰኞ ጠዋት የአድራሻ ቅጽ ይስተካከል በሚል ሰበብ ልጅቷን አስጠራቻት።

«ነይ፣ ቁጭ በይ የኔ ልጅ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እትዬ። ትሠራለች... ሽማግሌ ቤት።»

«በአረጋውያን ቤት።»

«በአረጋውያን ቤት» አለች ጆዲ ዝግ ብላ።

አየሽ፣ አለች መይኒር በልቧ። ይቺ ናት ገጣሚዋ! ከዚያ ነገሩን ተራ ወሬ አስመስላ፣ ወረቀቷን እያገላበጠች፣ «ዶሮዎቹስ በዚህ ዝናብ እንዴት ከረሙ?» አለች።

የጆዲ ዓይን ከመይኒር ፊት ወደ መሳቢያው ሄደ፤ ከመሳቢያው ተመልሶ መይኒር ላይ ተተከለ።

«እኛ ዶሮ የለንም» አለች። «ጎረቤት ነው ያለው። እኔ ለሰው አልነገርኩም። ግጥሜ ላይ ብቻ ነው ያሉት።»

በጣቷ መሳቢያውን አመለከተች።

«እትዬ፣ ፖስታዬን ከፍተውታል?»

መይኒር ምላሷ ላይ የተዘጋጀ ውሸት ነበር፤ በዚህ ሸለቆ ዶሮ የሌለው ማን አለ፣ ልትል ነበር። አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«የአንቺ አልመስል አለኝ።»

ጆዲ አላለቀሰችም፤ መይኒርን ያስፈራትም ይኸው ነው። ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ገጽ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ ከላይ እስከ ታች የተሰረዘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዝናብ እርጥብ ነው፣ ዝናብ ብዙ ነው» ይላል፤ የስድስት ዓመት ሕፃን የጻፈው ይመስላል። ዶሮዎቹ ሰባተኛው ላይ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ ሦስት የሆኑት አሥራ አንደኛው ላይ ነው። መይኒር አንዱን ስትገለብጠው ራሷ የተየበችውን የአውቶቡስ ማስታወቂያ አየች። ልጅቷ የጻፈችው ከቢሮው በር ሥር ካለው የተጣለ ወረቀት ሣጥን እያነሳች ነው። በዚያች ሰዓት እንኳ መይኒር የሌላ ሰው እጅ እየፈለገች እያንዳንዱን ኅዳግ በጣቷ ትከተል ነበር። አላገኘችም።

«ስናገር ሁሉም ሰው ያርመኛል» አለች ጆዲ። «ወረቀት ግን እስክጨርስ ይጠብቀኛል።»

«ለኢድዋል ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አለች መይኒር። ኢድዋል ርእሰ መምህሩ ነው።

«አይሆንም! ከነገሩት ሁሉም ለምን ተከፈተ ይላል። ከዚያ እኔ ድንገት አሸንፌ ስነሳ፣ አሃ፣ ከእንግሊዝ የመጣችው ናት፣ ለካ ለዚህ ነው፣ ይላሉ። ዝም ይበሉ።» በዌልሽ እንዲህ የረዘመ ነገር ስትናገር መይኒር ሰምታት አታውቅም። ሁለት ቦታ ተሳስታለች፤ መይኒር አላረመቻትም።

«እሺ። ዝም እላለሁ።»

ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «በእርግጥ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ወደ መሳቢያው ሰረቅ አድርጋ ታያለች። አሁን የምትጠረጠረው መይኒር ሆነች። እንዴት እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

የውድድሩ ቀን፣ ዓርብ፣ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። የመይኒር እህት አዲስ ባርኔጣ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ፓስተር ጎሮንዊ አሸናፊውን ግጥም አነበቡ። ከዚያ መለከት ተነፋ፣ «የኋላ በር ይነሣ!» ተባለ። ጭንቅላት ሁሉ ወደ ዴኒዮል ዞረ። ዴኒዮል ጫማውን ያያል። ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ጆዲ ሃርግሪቭስ ተነሣች።

ኢድዋል ፖስታውን ቀድዶ ስሙን አረጋገጠ፤ ጠርዙን አንድ ጊዜ አይቶ ደግሞ አየው። ሁለት ተማሪዎች ልጅቷን አጅበው ወንበሩ ፊት አቆሟት። ከመቀመጧ በፊት አንድ ሥርዓት አለ። ርእሰ መምህሩ ለዚህ ቀን ብቻ የሚወጣውን ትልቅ ጎራዴ ከሰገባው በግማሽ እየመዘዘ ሦስት ጊዜ «ሰላም አለ?» ይላል። አዳራሹ ሦስቱንም ጊዜ «ሰላም!» ይመልሳል። ካልተመለሰ ገጣሚው አይቀመጥም። እንዲህ ሆኖ ግን አያውቅም።

«ሰላም አለ?»

«ሰላም!» አለ አዳራሹ፣ በልማድ።

ከመይኒር ኋላ ሹክሹክታው ተነሣ። «የስቶክፖርቷ? ሱቅ ውስጥ ዳቦ መጠየቅ ሲያቅታት በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ሰላም አለ?»

«ሰላም» አሉ፣ ግማሾቹ።

«ማን ጻፈላት?»

«ማን ይሆናል፣ መምህርቷ ናታ!»

«ሰላም አለ?» አለ ኢድዋል ለሦስተኛ ጊዜ። ከፊት የተቀመጡት ትንንሾቹ ብቻ መለሱና እነሱም ደንግጠው ዝም አሉ። ጎራዴው በግማሽ እንደተመዘዘ ቀረ።

መይኒር የራሷን ሐሳብ ከሰው አፍ ሰማችው። «ማን ጻፈላት» ለሚለው ሰው የሚያምነው መልስ ያላት በዚያ አዳራሽ እሷ ብቻ ናት፤ መልሱ ደግሞ የራሷን ስም ሳይረግጥ አይወጣም። ዝም እላለሁ ብላም ነበር። ወደ መድረኩ አየች። ጆዲ ትመለከታታለች፤ ያው የማያምን ዓይን። ከዚያ አገጯን ትንሽ ዝቅ አደረገች። መፍቀዷ ይሁን ምራቋን መዋጧ መይኒር አላወቀችም።

ተነሣች።

«ፖስታውን ከፍቼዋለሁ» አለች። «ባለፈው ዓርብ፣ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት። አሁን እናንተ የምትሉትን እኔ ቀድሜ ብዬዋለሁ፤ ያጭበረበረ ካለ ልይዝ ነበር የከፈትኩት። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ረቂቅ አሳየችኝ። የሌላ ሰው እጅ ፈለግሁ። ታውቃላችሁ፣ የምፈልገውን ሳላገኝ የምተው ሰው አይደለሁም። የለም። ሌባ ካላችሁ ይኸው እኔ አለሁ።»

«መይኒር፣ አብደሻል?» አለች እህቷ በጥርሷ።

ኢድዋል ያለቀለት ሰው መሰለ። «እትዬ...»

«ጠይቅ እንጂ፣ አንተ ልጅ! ሦስተኛው አልተመለሰም።»

«ሰላም አለ?» አለ፤ ድምፁ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ።

ከወጥ ቤቱ በር፣ ሽርጧን እንዳደረገች፣ ናንሲ ጮኸች፦ «ሰላም ነው እኮ! ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው!»

ሳቁ ፈነዳ፤ በሳቁ ውስጥ «ሰላም» የሚለው ወጣ። ሁሉም አላሉም። መይኒር የትኞቹ ከንፈሮች እንዳልተከፈቱ አንድ በአንድ አየች፤ የእህቷም አንዱ ነበር። ጆዲ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተደግፋ አይደለም፣ ተነሺ እንደምትባል ሰው።

መይኒር ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በኢድዋል መዳፍ አኖረችው።

«ነገ እንነጋገርበታለን» አላት።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለችው።

ካፖርቷን ከመስቀያው አንሥታ ወጣች። ከኋላዋ አንዲት ሴት ልጅ፣ ከትንንሾቹ አንዷ፣ «ሻይ አይጠጡም፣ እትዬ?» አለች። መይኒር እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ አልዞረችም። ነፋሱ ካፖርቷን ከኋላ ያርገበግበዋል፤ እሷ የድንጋይ አጥሩን ጥግ ይዛ፣ ሰኞ ዳቦ ቤት ውስጥ ማን ሰላም እንደሚላት የምታሰላ በሚመስል እርምጃ፣ ቁልቁለቱን ወረደች።