ቢቸና ላይ ያልተሸጠው ሰዓት

በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆየ የውጭ አገር መጽሔት ሳገላብጥ የአንድ የእጅ ሰዓት ሥዕል አየሁ። ወፍራም የብረት አካል፣ ጥቁር ፊት፣ ዙሪያውን በጣት የሚዞር ቀለበት አለው። ባሕር ውስጥ ጠልቀው ለሚሠሩ ሰዎች የተሠራ ሰዓት ነው ይላል ጽሑፉ። ሀብታሞች እየሰበሰቡ እንደ ቅርስ ያስቀምጡታል፤ ለሐራጅ ሲቀርብም ይሻሙበታል። ከዚያ በኋላ ሌላውን ገጽ ማንበብ አልቻልኩም። እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ ሰዓት ለሐራጅ የቀረበው ቢቸና ነበር፤ የተሻማበትም ሰው አልነበረም።

ሰዓቱ የወንድሜ ነው። የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ሰዓቱን ከአንድ የውጭ መርከበኛ እንደገዛው ነግሮናል። ለፋሲካ ሞጣ መጥቶ ሳለ ውኃ አይገባውም ቢለን ማንም አላመነውም። እሱም አውልቆ እናቴ ለበዓሉ የጠመቀችው ጠላ ውስጥ ጨመረው። እናቴ፣ «አውጣው፣ ሰክሮ ሰዓት እንዳያሳስትህ» አለችው። ጎረቤቶቻችን እስኪያነቡ ሳቁ። እኔን ደግሞ ጋቢው ውስጥ ደብቆ ቁጥሮቹ በጨለማ አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ አሳየኝ።

በዓሉ አልፎ ወደ ሥራው ሲመለስ ቢቸና ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር እናቴ ብቻዋን ስንቅ እየቋጠረች ከሞጣ ቢቸና እስር ቤት ትመላለስ ጀመር። ክረምቱ ሊገባ ሲል የበሩ ጠባቂ አገልግሏን ሳይቀበላት፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያ ዘመን የዚህ ቃል ትርጉም የማይገባው ቤተሰብ አልነበረም።

አስከሬን አልተሰጠንም። እናቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስትጠይቅ በዚህ ስም የተያዘ ሰው የለም አሏት። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ሳይገኝ ሲቀር ልብሱ፣ ጠመንጃው ወይም ሌላ ንብረቱ ወደ ልቅሶው ሜዳ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ቤተሰቡ እርሙን የሚያወጣው እንደዚያ ነው። ከወንድሜ ግን እጃችን ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። በልጅነቱ የለበሰውን ታናናሾቹ ለብሰን ጨርሰነዋል፤ ሌላው ሁሉ ምጽዋ ነው። ጎረቤቶች ጓዳ ገብተን እንኳ እናልቅስለት ቢሏት እናቴ እምቢ አለች።

«በባዶ እጄ ልጄን ሞተ አልልም።»

መስከረም ላይ አጎቴ ከቢቸና ላከብን። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያ እህል ይነግዳል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ባለቤት ያልቀረበባቸውን ንብረቶች በሐራጅ ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ከመካከላቸውም የጠላቂ የእጅ ሰዓት አለ። ቢቸና ውስጥ እንዲያ ያለ ሰዓት ሁለተኛ ሊኖር አይችልም። የልጄ ነው ብላ እንዳትጠይቅ ልጇ «የለም» ተብሏል። የቀራት መግዛት ብቻ ነበር። እናቴ የምታደርገውን ወዲያው ወሰነች። ጸረ ሕዝብ ለተባለ ሰው በአደባባይ ማልቀስ ያስጠይቅ ስለነበር፣ ኅዳር ላይ ገጠር በሚደረገው የአያቴ ተዝካር ሰዓቱን ታወጣለች፤ የአባቷንና የልጇን እርም አንድ ላይ ታወጣለች። ላሟን ሸጠች፤ ብሩን መቀነቷ ላይ ቋጠረች፤ እኔን አስከትላ ቢቸና ሄደች።

አጎቴ በዋዜማው ገበያ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ነጋዴውንም ገበሬውንም ወደ ጆሮው ጠጋ እያለ፣ ነገ ሰዓቱ ሲወጣ ዋጋ እንዳትጠሩ ይል ነበር። ብዙ ማግባባት አላስፈለገውም። የሟችን ዕቃ ከእናቱ ጋር መሻማት ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንዲያውም አንዳንዶቹ የማያውቅ እንግዳ ቢመጣ እኛ ዝም እናሰኘዋለን ብለው ቃል ገቡለት።

ሐራጁ የተደረገው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ ጫማና ራዲዮ ተሸጠ። አንድ ኮርቻ ሁለት ገበሬዎችን ብዙ አፎካከረ። ያሸነፈው ሰው በቅሎ እንደሌለው ይታወቅ ነበርና፣ «በቅሎዋ እስክትመጣ አንተው ተጫነው» ብለው ሳቁበት። ከዚያ የሐራጁ ሰብሳቢ ሰዓቱን ከሳጥን አውጥቶ ከፍ አደረገው። ሳቁ ቆመ።

እናቴ እጇን አንስታ ዋጋዋን ጠራች። ሰብሳቢው የሚጨምር እንዳለ ጠየቀ። ከኋላችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት መምህር እጁን አውጥቶ ሊናገር ሲል፣ አጠገቡ የቆሙ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው አወረዱት።

«ተው መምህር፤ እናቱ ናት።»

«አውቃለሁ አባቴ፣ እኔ እኮ...»

«እያወቅህ ከሆነማ የባሰ ነው። ዝም በል።»

ሌሎችም ከበቡት። አንዱ፣ ደመወዝህ ከተረፈህ ለእኔ አበድረኝ እያለ አሾፈበት። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አጎቴ ሽማግሌውን በዓይኑ አመሰገናቸው።

ሰብሳቢው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም። እናቴ መቀነቷን መፍታት ጀምራለች። ሰብሳቢው ግን ሰዓቱን ወደ ሳጥኑ መለሰው።

«ተጫራቹ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሐራጁ አይጸናም» አለ። «ዕቃው ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል።»

በድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ መመሪያውን ነው የተናገረው። ነገሩ ሲገባው ግቢው ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ዋጋ መጥራት ጀመረ። ሽማግሌው ሳይቀሩ በትራቸውን አንስተው ጠሩ። ተዘግቷል አለ ሰብሳቢው።

እናቴ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና አንድ ጊዜ እንድትይዘው ለመነችው። ሰብሳቢው ግራና ቀኙን አይቶ ሰጣት። በሁለት እጇ ታቀፈችው፤ ነጠላዋን ከላይ ሸፈነችበትና ፊቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አየች። ቁጥሮቹ ያበሩ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ራሷ መለሰችለት።

መምህሩ ከግቢው በር ውጭ ጠበቀን። ባለፈው ሐራጅ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ፎካካሪ አጥቶ ሲመለስ አይቷል።

«አንዴ ጠርቼ ልተውላቸው ነበር» አለው አጎቴን።

እናቴ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ አንተስ አስበህ ነበር» አለችውና መንገዷን ቀጠለች። አጎቴ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደ፤ ከቢቸና የመጣ ሰዓት አናውቅም ብለው መለሱት።

ተዝካሩ ኅዳር ላይ ተደረገ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ልቅሶው ተጀመረ። አስለቃሿ ስለ አያቴ ብዙ ካንጎራጎረች በኋላ ዝም አለችና ወደ እናቴ አየች፤ ልጁንስ ላንሳው ወይ ማለቷ ነበር። የተቀመጠው ሰው ሁሉ እናቴን አየ። አጎቴ አጥሩ ሥር ቆሞ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

እናቴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ዕቃው ማርቆስ ነው» አለች። ከዚያም ተነስታ ለእንግዶቹ ጠላ ልትቀዳ ገባች።