አሚን የተባለበት ቁጥቋጦ

ከከሚሴ ዳር፣ ወደ ቦርከና መውረጃው ላይ ያለውን የሕዝብ ቁጥቋጦ ከዓዲላ የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለም። ዕድሜዋ ስልሳ ሰባት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት እዚያ ጎንበስ ብላ አሳልፋዋለች። የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ በገጀራ ትመለምላለች፣ በቃጫ ታስራለች፣ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ሴቶቹ የወተት ቅላቸውን ያጥኑበታል። የቅል አፍ ጠባብ ስለሆነ እንጨቱ ከአውራ ጣት መወፈር የለበትም፤ ዓዲላ ይህን የምትለካው በገዛ ጣቷ ነው። ከሥሩ ግን አትነካም።

ሌላው የከተማ ሰው ቁጥቋጦውን የሚያውቀው ሱሪውን ሲፈታ ነው። ማለዳ ኮዳ ይዞ ወደዚያ የሚያዘግም ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋታል። እሷም አይታ እንዳላየች ትሆናለች እንጂ ግማሹን ከተማ በጀርባው ትለየዋለች።

አንድ ቀን የከተማ ውበት ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ አብዱሰላም የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ ለሕዝቡ አሳየ፤ የተከረከመ ሣር፣ ባለ ጥላ ወንበር፣ በመሃሉ ፏፏቴ። "ቁጥቋጦው ተነቅሎ የመዝናኛና የተፈጥሮ ቦታ ይሆናል" አለ።

"ወፎቹስ የት ይሄዳሉ?" አለች ዓዲላ ከኋላ።

"በሲሚንቶ እንሠራለን፣ እማ ዓዲላ። ቀለም እንቀባቸዋለን።"

"እንቁላል ይጥላሉ?"

ሰው ሳቀ። አብዱሰላምም ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን አልለወጠም።

ዓዲላ ቤቷ ገብታ አሰበች። ወይራው ከተነቀለ ከእንግዲህ የምትበላው ከምራቷ ከሳሚያ እጅ ነው። ሳሚያ ደግ ናት። ችግሩ፣ ደግነቷን ሠፈር እስኪሰማ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። "ለእማማ ወተት ቀዳሁላቸው!" ስትል ከመስጊዱ ማይክ እኩል ትሰማለች።

ሥራው ሊጀመር ሲል፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ቁጥቋጦው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወዳጃ ተጠራ። ያለ ወዳጃ የሚጀመር ነገር የለም። ጫቱ ይቀርባል፣ አንዱ አላህን ይለምናል፣ የተቀመጠው ሁሉ "አሚን" ይላል። በዚህ አገር ሰው ቃሉን ያጥፋል፣ ፊርማውን ይክዳል፤ አሚን ያለበትን ነገር ግን ደፍሮ አይነካም።

ቁጥቋጦውን የሚነቅለው ሎደር ከዋርካው ጀርባ ቆሟል። ሹፌሩ ኢርፋን ጉንጩን በጫት ነፍቶ ተቀምጧል። አብዱሰላም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያነሳውን የሎደሩን ፎቶ ለዓለም ይልካል፤ ዱአው ትንሽ ዝም ባለ ቁጥር ቀና ሳይል "አሚን!" ይላል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

ዱአውን የመሩት ሼህ ሙህዲን ድምፃቸው ሲዝል "ከሴቶቹስ? ዓዲላ፣ አንቺም ለምኚ እንጂ" አሏት።

ዓዲላ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ያ ረቢ፣ ለኮሚቴው ዕድሜ ስጥልን።"

"አሚን!"

"ለሎደሩ ሹፌር ጤና ስጥልን።"

"አሚን!"

"እዚህ ለተቀመጠው ሁሉ የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤት ስጥልን።"

ጀመዓው ሳቅ እያነቀው "አሚን!" አለ።

"ይህን ወይራ፣ ይህን አጋም፣ ይህን ቁርቁራ ከነወፉ ጠብቅልን። አንድ ሥር አይነቀል። ሊነቅል የሚዘረጋውን እጅ አንተው ያዝልን።"

"አሚን!" አለ አብዱሰላም።

ብቻውን አልነበረም፤ ሌላውም ከአፉ አምልጦት ብሏል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ሊቀ መንበሩን አየው። አብዱሰላም ከስልኩ ቀና ብሎ ፊቶቹን አየ።

"ምንድን ነው ያልነው?"

"ቁጥቋጦው እንዳይነቀል ነዋ" አለ ኢርፋን። "አንቱማ ከሁላችን በላይ ጮኸው አሚን ብለዋል።"

"ተው ቀልዱን! ተነስ፣ ሞተሩን አስነሳ።"

"ላኪ!" አለ ኢርፋን በኦሮምኛ። "እምቢ! እጄን እንዲይዘው ለአላህ አሳልፌ ሰጥቼ በምኔ መሪ ልይዝ ነው?"

"አታለለችን እኮ!"

"ልጄ" አሉ ሼህ ሙህዲን፣ "እሷ በግልጽ ነው የለመነችው። አንተ ነህ ስልክህን ስትለምን የነበርከው።"

ሎደሩ እንደመጣ ተመለሰ። ወረቀቱም ተቀየረ። መንገዱ ዓዲላ በእግሯ በጠረገችው ጠመዝማዛ ላይ ወጣ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወይራዎቹ ሥር ገቡ፣ ሽንት ቤቱ ከሁሉ በፊት ተሠራ፤ በሩም ይዘጋል። አሁን ከሶላት በኋላ አዛውንቶቹ እየመጡ ወፍ ያያሉ፤ ሙሽሮችም ፎቶ ይነሳሉ። አብዱሰላም ለእንግዳ ሁሉ "ተፈጥሮው እንዳለ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ" ይላል። ዓዲላ አትከራከረውም፤ ብሏል እኮ።

አንድ ማለዳ ግን የቁጥቋጦው መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘች፤ "ቅርንጫፍ መቁረጥ ክልክል ነው" ይላል። ፊደል ቆጥራ አነበበችው። ገጀራዋን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም፤ አብዱሰላም እስኪመጣ ጠበቀች።

"ሰሌዳውን አዩት፣ እማ ዓዲላ?"

"አየሁት፣ ያምራል። ወዳጃ ተደርጎበታል?"

"ኧረ ለሰሌዳ ወዳጃ አይደረግም!"

"እንዴት አይደረግም? ሐሙስ እናድርግበት እንጂ። እኔም ለምኜ አግዛችኋለሁ።"

አብዱሰላም አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰሌዳውን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ከጽሑፉ ሥር ገና ባልደረቀ ቀይ ቀለም አንድ መስመር ተጨምሮ ተገኘ፦

"ከዓዲላ በስተቀር።"