ጥድፊያ ቸኮሌት ያረጋች ቀን

ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል። እናቷ ሆድ ውስጥ እንኳ ወሯን ጨርሳ አልተቀመጠችም። የሰው ወሬ ከአፉ ቀምታ ትጨርሳለች። የልጇን ፀጉር ስትሠራማ ሁለተኛውን ጎን ስትጀምር የመጀመሪያው ተፈትቶ ያልቃል። ልጅቷም ሰርጓ ሲደርስ ፀጉር ሠሪ ያዘች። እናት ከፋት፤ ግን ሙያዋ ኬክ ነውና «ቸኮሌቱን እኔ ነኝ የምሠራው» ብላ ቃል ገባች።

ቸኮሌት ገና መልመዷ ነበር። አቅልጣ ቅርፅ ማውጫው ውስጥ ገለበጠችና፣ ቶሎ እንዲደርስላት ፍሪዘር ከተተችው። ወዲያው ረጋ። ነገር ግን ከቅርፁ አልወጣ ብሎ በቢላ ተፈለፈለ፤ ጣት ሲነካው እንደ ጭቃ ሆነ። ሰርጉ ደግሞ በሙቀት ወር፣ በቀትር ነው። ልጅቷ ጣቷን ጠርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ከሱቅ ብንገዛስ?» አለች። ያ ድምጿን ዝቅ ማድረጓ ነው እናትን ያቃጠላት።

እየበረረች ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄደች። እህቷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ፍሪዘር የሚለውን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላም ተረተችባት። ከዚያ የታጠቡ አንሶላዎች አንስታ ቁምሳጥን ውስጥ ወረወረቻቸው፤ በሩ አልገጥም አለ። አውጥታ አጣጥፋ ደረደረቻቸው፤ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ቀረ።

የካካዎ ቅባት ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው አለቻት። ድንገት ከቀዘቀዙ በቆሙበት ይደርቃሉ፤ መሃላቸው ክፍተት ስላለ ትንሽ ሙቀት ይበትናቸዋል። ጊዜ ካገኙ ግን ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኛሉ። ያው ክብደት በጠባብ ቦታ ይቀመጣል፤ እፍግታው ጨመረ የሚባለው ይህ ነው። እጅ ለእጅ ስለተያያዙም ለማላቀቅ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል።

ጥድፊያ በደስታ መቀመጥ አቃታት። «እትዬ፣ ምንም ሳልጨምርበት?»

«ጊዜ ብቻ ጨምሪበት።»

ጥድፊያ ቤት ሄደው ሁለቱ ሆነው ቸኮሌቱን እንደገና አቀለጡት። እያማሰሉ አቀዘቀዙና፣ ሌሎቹ ሞለኪውሎች አይተው እንዲሰለፉ፣ በደንብ ከረጋ የሱቅ ቸኮሌት ፍርፋሪ ጣሉበት። ከዚያ በትንሹ አሞቁት፤ በግዴለሽነት የረጋው ሟሟ፣ በሥርዓት የተደረደረው ግን ንቅንቅ አላለም! ቅርፅ ማውጫው ውስጥ ቀድተው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ መጣ፤ መጠበቅ። ጥድፊያ እንዳትነካካው እጆቿ ላይ ተቀመጠች።

ጊዜው ሲደርስ ቅርፁን ገለበጡት። ቸኮሌቱ ተሰብስቦ ከግድግዳው ስለለቀቀ ያለ ቢላ ጠብ፣ ጠብ አለ። አንዱን ብትሰብረው ቀጭ! እህቷን አቅፋ ስትዘል ወንበር ጣለች።

ልጅቷ ከሥራ ገብታ አንዱን ይዛ ቆየች፤ ጣቷ አልቆሸሸም። እሷ ግን የምታየው እናቷን ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ እስኪረጋ ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽ?»

«እጇ ላይ ተቀምጣ» አለች አክስት።

ልጅቷ ዱካውን ስባ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠችና ፀጉሯን ፈታች።

«በይ እንግዲህ፣ ለሰርጌ አንቺ ነሽ የምትሠሪኝ። ዛሬ እንሞክረው።»

ጥድፊያ ማበጠሪያውን አነሳች። ሲመሽ ገና የመጀመሪያውን ጎን አልጨረሰችም።