አተላ የጠጣ ኩሬ

ታመነ እግሩ የማያርፍ ሰው ነው። ዲላ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ጠመኔውን እንደያዘ ከሰሌዳው እስከ በሩ ይመላለስ ነበር። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ከከተመ ወዲህ ደግሞ በጓሮው ባስቆፈራት የዓሣ ኩሬ ዙሪያ ይዞራል። ዓሣውን የሚያረባው ለእህቱ ለእህተማርያም ነው፤ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ፣ ፍልሰታ ሲገባ ዓሣ የሚበሉ ጿሚዎች ይበዙባታል።

ዘንድሮ ጾሙ ሲቃረብ ዓሦቹ አልወፍር አሉት። እህተማርያም ጠላ ትጠምቃለች፤ አተላው ይደፋል። አገር ቤት በግና በሬ የሚያደልብ ነገር ዓሣንስ ለምን አያደልብም ብሎ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እያስጫነ ኩሬው ውስጥ ገለበጠው። ውሃው እንደ ሣር ሲለመልም ደስ አለው። ድሮ የተማረበት መጽሐፍ አረንጓዴ ውሃ የዓሣ መኖ ነው ይል ነበር፤ ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ግን ትዝ አላለውም።

ሰማዩ ደምኖ ሰነበተ፤ ፀሐይ ያጣው ልምላሜ የውሃውን አየር ይጨርስ ጀመር። አንድ ማለዳ ሲወጣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ውሃው ይከረፋል። ታመነ ዙሪያውን ሮጠና የማፍሰሻውን መክደኛ ጨበጠ። አሮጌውን ውሃ ከጓሮው በታች ወዳለው ወንዝ ለቆ የቧንቧ ውሃ ቢሞላበት ዓሣው ይተርፋል።

ወንዙ ዳር ሱኩማ የሚሉትን ጎመን የምታለማው ጎረቤቱ ዋምቡይ ከአጥሩ ማዶ አየችው። ባለፈው ኩሬውን ሲያጥብ ፍየሎቿ የሚጠጡበት ቦታ አረንጓዴ አረፋ ለብሶ ከርሞባታል።

«ምዋሊሙ፣ ልትለቀው ነው?» አለችው፤ መምህር ማለቷ ነው።

«ወንዝ እኮ ይዞት ይሄዳል።»

«ወዴት?»

ካርታውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ናይሮቢ ወንዝ፣ ከዚያ አቲ፣ ከዚያ ማሊንዲ ላይ ባሕር። ወራጅ ውሃ ሲሄድ ይጠራል ብሎም አስተምሯል። አሁን ግን ስሞቹን በልቡ ሲጠራ በየዳርቻው እንደ ዋምቡይ ባልዲ የያዘች ሴት ታየችው፤ ከእያንዳንዷ ሽቅብ ደግሞ የራሱን ኩሬ ወደ ወንዙ የሚደፋ ሌላ ታመነ። ሁሉም ከለቀቀ ባሕሩስ ነገ በምን ይተነፍሳል?

«ሱኩማዬ ይጠጣዋል» አለችው። «ባልዲ አምጣ።»

መክደኛውን ለቀቀው። እሱ እየቀዳ በአጥሩ ላይ ያሻግራል፣ እሷ መደቧ ላይ ታፈሳለች። ኩሬው ላይ የከፈተው የቧንቧ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ አልደረሰም፤ ዓሦቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ ይገለብጡ ጀመር። ታመነ ባየ ቁጥር እጁ ወደ መክደኛው ይሄድና ይመለሳል።

እህተማርያም ደወለች።

«አተላ እንዳትልኪ» አላት። «ዓሣም አትጠብቂ።»

«በጾም መግቢያ ምን ላቅርብላቸው ታዲያ፣ ወንድምዬ?»

«ሽሮ።»

አንተ አስተማሪ ብቻ ሁነህ ብትቀር ይሻል ነበር ብላ ዘጋችበት። ስልኩን ኪሱ ከተተና ኩሬውን አየ። የቀሩት አሁንም አየር ይጎርሳሉ። ዋምቡይ ከአጥሩ ማዶ ባዶውን ባልዲ ዘረጋችለት።