በቁመቱ የተደረደረ ቀርከሃ

ኦይታ ቤት ሠሪ ነው። ይህን ስል ሲሚንቶ የሚያቦካ ግንበኛ እንዳይመስላችሁ። ከዶርዜ ከፍ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጠልፎ፣ ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ አድርጎ ቤት የሚያቆም ሰው ነው። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። ስንት ቤት እንዳቆመ ቢጠይቁት "አልቆጠርኩም" ይላል። ስንቱ እንደወደቀ ቢጠይቁት ግን አፍታ አያስብም፤ አንድም አልወደቀም። ኋላ ጉድ የሠራውም ይኸው መልስ ነው።

እውነቱን ለመናገር የዶርዜ ቤት አይወድቅም፤ ያጥራል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይወጣና ቤቱ ዝቅ ይላል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና ዝቅ ይላል። አያቱ ቀና ብሎ የገባበትን በር የልጅ ልጁ ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። ቦታው አልስማማ ካለ ደግሞ ቤቱ ራሱ ይነሳል። ከውስጥም ከውጭም አግዳሚ እንጨት ይታሰርለትና አርባ ሃምሳ ወንድ ብድግ አድርጎ፣ እየዘመረ ወስዶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ዛሬ የከተማ መሐንዲሶች ተገጣጣሚ ነው፣ ተንቀሳቃሽ ነው እያሉ አዳራሽ ውስጥ የሚያብራሩልንን ነገር የኦይታ አባት ፊደል ሳይቆጥሩ ይሠሩት ነበር። ኦይታ የሚኖርበትንም ቤት የጠለፈው ጎረምሳ ሳለ ከእኚሁ አባቱ ጋር ነው።

አምና ክረምት ላይ ከዚህ ቤት በላይ ያለው መሬት ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር። ሌላው ሰው አፈር ሞልቶበት ወደ ሥራው ሲሄድ የኦይታ ልብ ግን አላርፍ አለ። ሚስቱ አገርነሽ እግሯ ከከዳት ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግድግዳ ይዛ ከመደቧ እስከ ደጅ ብትደርስ ነው። ጋራው ቢመጣ ሁሉም ይሮጣል፣ እሷ አትሮጥም። ስለዚህ ጎረቤቱንና የጸሎት ቤቱን ወጣቶች ለምኖ ሰበሰበና ቤቱን ከጉብታው ማዶ ወዳለው የሟች ወንድሙ መሬት አሻገረ። ቤቱ በአርባ ሰው፣ አገርነሽ በአራት ሰው ሸክም ተሻገሩ። እሷ ከቃሬዛው ላይ ሆና "እኔን ከቤቱ ጋር አብራችሁ ብታነሱኝ ምናለ?" እያለች ስትቀልድ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋራው መጣ። ቤቱ የነበረበትን መሬት፣ እንሰቱን፣ የቀርከሃ ጫካውን፣ ሰባት ጎረቤት ከነቤታቸው ይዞ ወረደ። ቤቱን ከተሸከሙት ወንዶች ስድስቱ እዚያ ውስጥ ቀሩ። ኦይታ አምስቱን ቆፍሮ አውጥቷል። ስድስተኛውን እስከ ዛሬ አላገኙትም።

ከቀብሩ በኋላ የዞን ሰዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው መመዝገብ ጀመሩ። የሚመዘግበው ኤፍሬም የሚባል ለስላሳ ወጣት ነው፤ የአካባቢው ልጅ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከወንበሩ የሚነሳ።

"አባባ፣ ቤትዎ ፈርሷል?"

"የኔ ቤት? አልፈረሰችም። ተሸክመን አወጣናት።"

"መሬትዎስ?"

"መሬቱማ ሄደ። ከነእንሰቱ።"

ቅጹ ላይ "ፈርሷል" እና "አልፈረሰም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ለሄደ መሬት ሳጥን የለውም። ኤፍሬም እስክሪብቶውን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባባ፣ ዝም ብለው ፈርሷል ይበሉኝ።"

ኦይታ ደሙ ፈላ። "እኔ የሠራኋት ቤት ወደቀች ብዬ ልናገር? ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ?" አለ። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ እሱ የጠለፈው ቤት ውስጥ የኖሩ ናቸው። ኤፍሬም ምን ያድርግ፣ "አልፈረሰም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ኦይታም ፈረመና ኮራ ብሎ ወጣ። ይህን ኩራቱን ሳስብ እኔ እናደዳለሁ። ግን ስንት ዓመት የደከመበትን ስም በአንድ ቃል ጣል የሚለው ሰው ስንት ነው?

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የመሬት ባለሙያዎች መጥተው ጉብታው ማዶና ወዲህ ሳይባል በሙሉ አስጊ ነው አሉ። ከበልግ ዝናብ በፊት ማንም እንዳይኖርበት ተባለ። ኦይታ ወጥቶ ቢያይ እውነት ነው፤ ከወንድሙ መሬት በላይ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቷል። ይኸኛው ሦስት ጣት ያስገባል። ቤቱን እንደገና እንዳያነሳ ተሸካሚ ከየት ይምጣ? ስድስቱ ሞተዋል፣ የቀሩት ገሚሶቹ ለሽመና አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ገሚሶቹ ቤት ይሰጣችኋል ተብለው ቆላ ወርደዋል። ቢነሳስ የት ይቀመጣል?

ቆላ የተባለው ከአርባ ምንጭ መዳረሻ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ ለተፈናቃዮች ስልሳ ተገጣጣሚ ቤቶች እየተሠሩ ነው። መሠረቱ ኮንክሪት ነው። ግድግዳው በሁለት ቆርቆሮ መካከል ስፖንጅ የመሰለ ነገር የታሸገበት ፓኔል ነው፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ፓኔሉን ማቆም፣ በብሎን ማሰር፣ ጣሪያውን መጫን፤ በሦስተኛው ቀን ቁልፉ ይሰጣል። ኦይታ እዚያ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፓኔል በማቆም የሚስተካከለው ጠፋ። የሥራው ኃላፊ ሽመክት የሚባል የሰሜን ሰው ነው፤ አርባ ምንጭ ተምሮ እዚያው የቀረ መሐንዲስ። ውሃ ልኩን ከማስቀመጡ በፊት ኦይታን ጠርቶ "ጋሽ ኦይታ፣ እስቲ በዓይንዎ ይዩልኝ" ይላል።

ኦይታ ይህን ቤት ናቀው ብዬ ብጽፍ ደስ የሚለው አንባቢ አለ። አልናቀውም። እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ጭስ መውጫ የለውም፣ ዝናብ ሲመታው ሰው አያነጋግርም፤ ይህን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ምሳውን በልቶ ቀና ሲል ከበላዩ የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው። ወደ ሜዳው ያዘመመ ጋራ የለም። አገርነሽ መሮጥ የማያስፈልጋት ቦታ ይህ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገም።

አንድ ቀን ሽመክትን "ኢንጂነር፣ ኮንክሪቱን ብቻ ብትሰጡኝስ? ቤቴን አመጣለሁ" አለው።

ሽመክት ሊስቅ ሲል የሽማግሌውን ፊት አይቶ ተወው። "ጋሽ ኦይታ፣ ፕላኑ አይፈቅድም። ደግሞ እዚህ የሚገባው ቤቱ የፈረሰበት ነው። እኔ አይደለሁም የምሰጠው። ቤት የሚያድለውን ኮሚቴ ያነጋግሩ።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወልደየሱስ ናቸው፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ቢሮ ያላቸው፣ ሰው የማያመናጭቁ አዛውንት ሠራተኛ። ኦይታ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ስንጥቁና ስለ አገርነሽ እግር አስረዳቸው። በጥሞና ሰሙት። ከዚያ ዝርዝሩን አገላብጠው፣ "እርስዎ እኮ ቤት አለዎት" አሉት። "እዚህ ስሙ እንኳ ያልተጠራ ስንት ቤት አልባ አለ። ቤት ላለው ሰው ቤት ብሰጥ ምን ይሉኛል? አዎ፣ የእርስዎም ቤት ቢወድቅ ያኔ ይታያል።"

እሳቸው ይህን ያሉት እንግዳ ለመሸኘት ነው። ቢሮ የለመደ ሰው "ይታያል" ማለት ሂድ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ኦይታ ግን ቢሮ አልለመደም። ቤቱ ከወደቀ ሌላ ቤት ይሰጠኛል ብሎ ቃሉን እንደ ውል ተቀብሎ ወጣ።

አገርነሽን አስቀድሞ ወደ ሲቀላ አወረዳት። የእህቷ ልጅ ቲጂ እዚያ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት፤ አንዲት የኪራይ ክፍል አለቻት፣ ለጥቂት ቀን እሺ አለች። ከዚያ ኦይታ ገጀራውን ስሎ ብቻውን ወደ ጉብታው ወጣ።

ቤቱን መጣል ለፈለገ ሰው ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። ከሃያ እርምጃ በታች ገደል አለ። የሥሩን ማሰሪያ በጥሶ በአንድ በኩል ቢገፋው ቤቱ ተንከባሎ እዚያ ይገባ ነበር፤ አይቶ የሚጠይቅም አይኖርም። ኦይታ ይህን አስቦታል። እጁ ግን እምቢ አለው። መሰላል አቁሞ ከጫፍ ጀመረ። የኮባውን ሽፋን እየገፈፈ አወረደ። ጥልፉን ከላይ ወደ ታች እየፈታ፣ የማይፈታውን አንጓው ላይ እየቆረጠ፣ ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ከአጭሩ ጋር ለየ። አራት ቀን ፈጀበት። ከበሩ በላይ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለው ክፍል አባቱ ብቻቸውን የጠለፉት ነበር፤ እሱን መጨረሻ ላይ አስቀረው። ሲደርስበት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

በሳምንቱ አቶ ወልደየሱስና ኤፍሬም ለማረጋገጥ ወጡ። ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸው ደረሱና ቆመው አዩ። ቤቱ በነበረበት ክብ ቦታ ላይ ቀርከሃው በቁመቱ ተለይቶ፣ ጫፍና ጫፉ እኩል ሆኖ ተደርድሯል። የተፈታው ልጥ ሳይቀር ተጠቅልሎ ታስሯል። መሬቱም ተጠርጓል።

"ናዳ ነው እንዲህ የደረደረው?" አሉ አቶ ወልደየሱስ።

ኤፍሬም ፈጠን ብሎ ገባ። "ንፋስ ጥሎት ነው የሚሆነው። እሳቸው ኋላ ሰበሰቡት። አይደል አባባ?" አለና ኦይታን ትክ ብሎ አየው። ራስዎን ይነቅንቁ፣ ሌላ ምንም አይበሉ የሚል አስተያየት ነበር።

ኦይታ ቁልሉን አየ። አንጓ አንጓው ላይ አንድ ዓይነት የገጀራ ምት አለ። የትኛውም ቤት ጠላፊ በመንገድ ቢያልፍ የማን እጅ እንደሆነ ይለያል። አገርነሽም ትዝ አለችው፤ አላሰባትም አይባልም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔ ነኝ። እሷማ ወድቃ አታውቅም።"

አቶ ወልደየሱስ ቅጹን አወጡ። ከዚያ "ቤቱን በራሱ ፈቃድ አፍርሷል" ብለው ጻፉ። "ይህን ብፈቅድ በሳምንቱ ጉብታው ሙሉ ቤቱን ቆርጦ ይጠብቀኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉት። የተናገሩትም ውሸት አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ሰድቤያቸው ልቤ በበረደ ነበር፤ አይደሉም።

የቲጂ አከራይ ደግሞ ሦስት ሰው በአንድ ክፍል አላከራየሁም አለች። ሌላ የሚታወቅ በር አልነበረም። ኦይታ አገርነሽን በአይሱዙ ጭኖ፣ ከመንገዱ ጀምሮ አዝሎ ወደ ጉብታው መለሳት። ቤቱን መልሶ ሊጠልፈው አይችልም፤ የደረቀ ቀርከሃ ሲያጥፉት ይሰበራል። እርጥቡ ደግሞ ከናዳው ጋር ሄዷል። ረጃጅሞቹን መርጦ ምሰሶ አደረገ፣ በላዩ ሸራ ወጠረ። አጫጭሮቹን አገርነሽ ማገዶ እያደረገች ድንች ትቀቅልባቸዋለች። ዓመታት ሙሉ ጭስ የጠጣ ቀርከሃ ስለሆነ ደህና አድርጎ ይነዳል።

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በወረደ ማግስት፣ ጠዋት፣ ኦይታ ወጥቶ ስንጥቁን ለካ። መዳፉ ሙሉ ገባ። ተመልሶ ለሥራ ሲዘጋጅ አገርነሽ ከመደቧ ሆና ጠየቀችው። እስከዚያ ቀን ጠይቃው አታውቅም።

"ወደቀች ብትላቸው ምን ነበረበት? ለኔ ብለህ፣ አንዲት ቃል።"

"ልላቸው ነበር" አለ። "ከአፌ አልወጣ አለችኝ።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ሻይዋን ጨርሳ ኩባያውን አስቀመጠችና፣ "እንግዲያስ ስትሄድ መግቢያውን ወደ ላይ አዙርልኝ" አለችው። "ሲመጣ ልየው።"

ኦይታ ሸራውን ፈታ። ከቁልቁለቱ በኩል የነበረውን መግቢያ ዘጋ፣ በጋራው በኩል አዲስ ከፈተላት፣ ንፋስ እንዳይመታት ጠርዙን በልጥ አሰረው። አስተሳሰሩ እንደወትሮው ጥንቅቅ ያለ ነበር። ከዚያ በትሯን እጇ አጠገብ አስደግፎ፣ ምሳውን ይዞ ወረደ። በዚያ ቀን ቆላ ላይ ሃምሳ ስምንተኛው ቤት ይጀመር ነበር።